ጭንቅላትን አምስት ሰከንድ ማንሣት በቂ ማረጋገጫ ነውን? በጡንቻ አዝናኝ መድኃኒት ክትትል ላይ የተደረገ ውይይት

የመነሻ ጽሑፍ

የውይይቱን ክር የከፈቱት በሰመመን ሕክምና ሙያ ጥቂት ዓመታት ያገለገሉ ባለሙያ ናቸው። ጥያቄያቸውን በአክብሮት ያቅርቡ እንጂ ውስጡ ጠንካራ አቋም ነበረበት። ከመምህሮቻቸው እንደ ተማሩት፣ ጡንቻ አዝናኝ መድኃኒት (ጡንቻን ለጊዜው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ) ወስዶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታካሚ ሲነቃ ጭንቅላቱን ከትራሱ አንሥቶ አምስት ሰከንድ ከቆየ፣ ጨብጥ ሲባል ከጨበጠ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየርም በቂ ከሆነ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ለማውጣት ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም ባይ ናቸው። በሚሠሩበት ክፍል የጡንቻን ማገገም ለመከታተል የሚያገለግለው የነርቭ ማነቃቂያ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ መኖሩን፣ ነገር ግን አውጥቶ የሚጠቀምበት እንደሌለ ገልጸው፣ ለታካሚው በእርግጥ የሚጨምርለት ነገር ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። ብዙዎች በልባቸው ይዘውት በአደባባይ የማያነሡት ጥያቄ ስለሆነ በግልጽ በመጠየቃቸው ምስጋና ይገባቸዋል። የተከተሉትን ምላሾች በየቁጥራቸው፣ አንዳንዶቹን እያጣመርሁ፣ እንደ ተረዳኋቸው አቀርባለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ ከጠያቂው ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማሙ። እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ በዚሁ መንገድ እንደ ሠሩና ያዩት ችግር እንደሌለ ከመግለጽ በቀር ሌላ ማስረጃ አላቀረቡም።

ምላሽ 2

ሁለተኛዋ መላሽ ለሁለቱም ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ እርማታቸውን ከሥሩ ጀመሩ። በነርቭና በጡንቻ መገናኛ ላይ ከሚገኙት የአሴቲልኮሊን (ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያስተላልፍበት ኬሚካል) ተቀባዮች ውስጥ ከ70 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑት በመድኃኒቱ ተይዘው ሳለ እንኳ ጡንቻው ለአንድ ነጠላ ምት የሚሰጠው ምላሽ ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ሊታይ እንደሚችል፣ ምላሹ ፈጽሞ የሚጠፋውም ከ90 በመቶ በላይ ሲያዙ መሆኑን አስረዱ። ስለዚህ በዓይን ጤነኛ የሚመስለው ጡንቻ ካለው አቅም እጅግ የሚበዛውን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ጋር ጡንቻዎች ሁሉ እኩል አያገግሙም። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ድያፍራም መድኃኒቱን ከሌሎቹ ይበልጥ ስለሚቋቋም ቀድሞ ይመለሳል፤ በዚህም ምክንያት ቱቦው ጉሮሮ ውስጥ እያለ የሚለካው የትንፋሽ መጠን መልካም ሆኖ ይታያል። ቱቦው ከወጣ በኋላ የአየር መንገዱን ክፍት አድርገው የሚይዙትና መዋጥን የሚመሩት የጉሮሮ ጡንቻዎች ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ። ጭንቅላትን አምስት ሰከንድ ማንሣትም የአራቱ ምቶች ምጥጥን (አለካኩ በምላሽ 4 ተገልጿል፤ 1.0 ማለት ምላሹ አልተዳከመም ማለት ነው) 0.6 ገደማ ወይም ከዚያ በታች እያለ ለብዙ ሰዎች የሚቻል ነገር እንደ ሆነ በፈቃደኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች መታየቱን አከሉ። የጠያቂው ሦስት ምልክቶች ውሸት ሳይሆኑ እጅግ ዘግይተው የሚያስጠነቅቁ ናቸው ማለታቸው ነበር፤ እኔም ከክሩ ሁሉ ዋናው ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው ጸሐፊ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባልደረባ፣ የተጠቀሰው ምጥጥን እንዴት እንደሚገኝ ጠየቁ። አራተኛውን ምላሽ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሊ፣ አቲንግና ግሬይ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቁትና በሙያው ትሬን ኦፍ ፎር የሚባለው ዘዴ፣ በእጅ አንጓ ላይ በሚያልፈው አልናር ነርቭ በኩል በሰከንድ ሁለት ምት ፍጥነት አራት ተከታታይ የኤሌክትሪክ ምቶችን እየላከ፣ አውራ ጣትን ወደ መዳፍ የሚስበው ጡንቻ የሚሰጠውን ምላሽ ይመዝናል። የአራተኛው ምላሽ ጥንካሬ ለአንደኛው ሲካፈል ምጥጥኑ ይገኛል። እንደ ሮኩሮኒየምና አትራኩሪየም ያሉት መድኃኒቶች ከጡንቻው በተጨማሪ የነርቩን ጫፍ ስለሚነኩ ከምት ወደ ምት የሚለቀቀው አሴቲልኮሊን ይቀንሳል፤ ስለዚህም ምላሹ እየተዳከመ ይሄዳል። መዝናናቱ እየጠለቀ ሲሄድ መጀመሪያ አራተኛው ምላሽ ይጠፋል፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ ሁለተኛው፣ በመጨረሻም አንደኛው ይከተላል። አራቱም ሲጠፉ አምስት ሰከንድ የሚቆይ በሰከንድ 50 ምት የሆነ ማነቃቂያ ተሰጥቶ፣ ከሦስት ሰከንድ ዕረፍት በኋላ በየሰከንዱ ለሚላኩት ነጠላ ምቶች ስንት ምላሽ እንደሚገኝ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መዝናናቱ ጥልቅ ነው።

ቱቦ ለማውጣት በቂ ስለሚባለው የምጥጥን ወሰንም ጥቂት ጻፍሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 0.7 በቂ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ ግን ምጥጥኑ ከ0.9 በታች እያለ የመዋጥ ሥርዓት እንደሚዛባና ምራቅ ወይም የጨጓራ ይዘት ወደ አየር መንገድ የመግባቱ ዕድል እንደሚጨምር፣ 0.7 ላይ ደግሞ ሰውነት ለኦክስጅን ማነስ የሚሰጠው የመተንፈስ ምላሽ ራሱ እንደሚደክም ተረጋገጠ። ይህ ሁለተኛው ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ ኦክስጅን ሲያንሰው ትንፋሹን ማፋጠን የሚገባው ታካሚ ያ መከላከያው ተወስዶበት ከክፍሉ ይወጣልና።

ምላሽ 5

የማገገሚያ ክፍል ነርስ የሆኑት አምስተኛዋ መላሽ ከቁጥር ወደ ሰው መለሱን። በፍጹም ንቁ ናት ተብላ የተረከቧት አንዲት ታካሚ ሲጠሯት ዓይኗን ለመክፈት እየሞከረች ሽፋሽፍቷ እንደ ወረደ ይቀር እንደ ነበር፣ እጇን ስታነሣ እንቅስቃሴዋ የተቆራረጠ እንደ ነበር፣ ትንፋሿም ፈጣንና አጭር ሆኖ በኦክስጅን ጭንብል እንኳ የደሟ ኦክስጅን መጠን ሲወርድ እንዳዩ ተረኩ። በማግስቱ ታካሚዋ የክፍሉን ንግግር ሁሉ እንደ ሰማች፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ታፍኜ ልሞት ነው ብላ እንዳሰበች ነገረቻቸው። ነርሷ ጽሑፋቸውን ሲጨርሱ፣ ቱቦውን የሚያወጣው ባለሙያ ከክፍሉ ወጥቶ ሲሄድ የተረፈውን ድካም ቆመው የሚያዩት እነርሱ መሆናቸውን በምሬት ገለጹ።

ምላሽ 6 እና 7

በስድስተኛው ምላሽ የውይይቱ ድምፅ ከረረ። ጸሐፊው የታካሚዋ ሁኔታ ከኦፒዮይድ የሕመም ማስታገሻ የመጣ ሊሆን እንደሚችል፣ ሳይለኩ ጥፋቱን በጡንቻ አዝናኙ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት እንደ ሆነ ጻፉ። ነርሷ በሰባተኛው ምላሽ ቆጣ ብለው፣ ግን በሥርዓት መለሱ፦ በኦፒዮይድ የተጫነው ታካሚ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ሲቀሰቅሱት በደንብ ይነቃል፤ ጡንቻው ያልተመለሰለት ግን አእምሮው ነቅቶ አካሉ አይታዘዘውም፣ ትንፋሹም አጭርና የተጣደፈ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ መቻላቸውን አልካዱም። ሳይለኩ አይፈረድም ከተባለ ግን፣ ያ አባባል መሣሪያውን ከመሳቢያ ላላወጡትም እንደሚሠራ አስታወሱ። ከዚህ የሚበልጥ መልስ ሊሰጥ አይቻልም ነበር።

ምላሽ 8 እና 9

ስምንተኛው ጸሐፊ ክርክሩ የተጋነነ መሆኑን አመለከቱ። ቱቦ ለማስገባት አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ መጠን ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሰውነት እንደሚወጣ፣ በዚህ ሁኔታ መለካትም ማርከሻ መስጠትም ድካም ብቻ እንደ ሆነ በእርግጠኝነት ጻፉ። ዘጠነኛዋ መላሽ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የፈረንሳይ ሐኪሞች ጥናት ይህን አፈረሱት። መካከለኛ የቆይታ ጊዜ ያለው መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰጣቸውና ማርከሻ ካልወሰዱ 526 ታካሚዎች መካከል 45 በመቶ የሚሆኑት ማገገሚያ ክፍል ሲደርሱ ምጥጥናቸው ከ0.9 በታች ነበር፤ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ካለፋቸው ውስጥ እንኳ 37 በመቶዎቹ ወሰኑን አልደረሱም። የሰዓት ቆጠራ የማያስተማምንበትንም ምክንያት ዘረዘሩ። ዕድሜ፣ የኩላሊትና የጉበት ሁኔታ፣ የሰውነት ቅዝቃዜ፣ በእስትንፋስ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች፣ ማግኒዚየምና አሚኖግላይኮሳይድ የሚባሉት ፀረ ተሕዋስያን ሁሉ የመድኃኒቱን ቆይታ ስለሚያስረዝሙ፣ አንዱን ሰው በአንድ ሰዓት የለቀቀው መጠን ሌላውን ከዚያ እጅግ ለሚበልጥ ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ስምንተኛው ጸሐፊ ለዚህ መልስ አልሰጡም።

ምላሽ 10 እና 11

አሥረኛው ጸሐፊ መሣሪያውን እንደሚጠቀሙ፣ የአውራ ጣቱን እንቅስቃሴ በዓይናቸው እያዩና በእጃቸው እየዳሰሱ አራቱ እኩል ሲሆኑላቸው ቱቦውን እንደሚያወጡ ጻፉ። ቀጥሎ የመጡት ጸሐፊ ለጥረታቸው ክብር ሰጥተው፣ የሰው ዓይንና ጣት ግን ምጥጥኑ 0.4 ካለፈ በኋላ መዳከሙን መለየት እንደሚሳነው አስረዱ። ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው ርቀት፣ አደጋው የሚገኝበት ማለት ነው፣ ለዳሳሹ እጅ ስውር ነው። በድርብ ፍንጥቅታ (ሁለት አጫጭር የምት ስብስቦችን በማከታተል) የሚያነቃቃው ዘዴ ይህን ጣሪያ ወደ 0.6 ገደማ ከፍ ቢያደርገውም ወሰኑ ላይ አያደርስም፤ ቁጥሩን የሚያሳየው መለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው።

ምላሽ 12 እስከ 14

አሥራ ሁለተኛው ጸሐፊ ክርክሩን ወደ ብርቱ ቦታ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና በ28 የአውሮፓ አገሮች ከ22 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያካተተው ጥናት፣ ጡንቻ አዝናኝ መድኃኒት መውሰድ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚመጣ የሳንባ ችግር ጋር መያያዙን ሲያሳይ፣ ክትትል መደረጉም ሆነ ማርከሻ መሰጠቱ ችግሩን እንዳልቀነሰ መዘገቡን ጠቀሱ። መለካትን እንደ ሃይማኖት የሚሰብኩ ሰዎች ይህን ውጤት ለምን እንደሚዘሉትም ጠየቁ። አነጋገራቸው ሻካራ ነበር፤ ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ነው፤ እኔም ችላ ሊባል አይገባውም ባይ ነኝ።

ለዚህ የሰጡት የአሥራ ሦስተኛዋ መላሽ ማብራሪያ በክሩ ውስጥ በጥንቃቄ ከተጻፉት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ጥናቱ ታካሚዎችን በዕጣ የመደበ ሳይሆን የሆነውን የታዘበ ነው፤ ባለሙያዎች ይበልጥ የሚያሳስባቸውን ታካሚ አብዝተው ሊከታተሉ ስለሚችሉ በክትትልና በውጤት መካከል ያለው ግንኙነት ይደባለቃል። ከዚህም በላይ፣ መሣሪያ መያያዙ ብቻውን የሚፈውስ ነገር የለውም፤ ጥቅም የሚሰጠው በቁጥሩ መሠረት ሲጠበቅ ወይም ማርከሻ ሲሰጥ ነው። በ2020 የዚያው ጥናት መረጃ እንደገና ሲተነተን፣ ቱቦው ሲወጣ ምጥጥናቸው ከ0.95 በላይ የነበሩት ከ0.9 በላይ ከተባለው ወሰን ጋር ሲነጻጸር የሳንባ ችግራቸው ያነሰ ሆኖ መገኘቱንም ጠቅሰዋል። ከእርሳቸው የምለይበት አንድ ነጥብ ቢኖር፣ ይህ ሁለተኛው ትንተናም እንደ መጀመሪያው ሁሉ ከትዝብት የተገኘ ስለሆነ በዚያው ጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል የሚል ነው።

በአሥራ አራተኛው ምላሽ የአሥራ ሁለተኛው ጸሐፊ ተመልሰው ለተቃራኒው ወገን ብቻ የሚመች ንባብ ነው ሲሉ ሐሳቡን አጣጣሉት፤ የመላሿንም የሥራ ልምድ ነካ አደረጉ።

ምላሽ 15

ዕድሜ ጠገብ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው የሚታወቅ ሐኪም በመካከል ገቡ። ሰውን ትቶ ሐሳቡን መሞገት እንደሚገባ በአጭሩ ገሥጸው ወደ ኋላ መለሱን። ግሪፊዝና ጆንሰን እ.ኤ.አ. በጥር 1942 በሞንትሪያል ኩራሬን በሰመመን ላይ ለጡንቻ ማዝናኛነት ከተጠቀሙበት በኋላ መድኃኒቱ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1954 ቢቸርና ቶድ በአሜሪካ አሥር ሆስፒታሎች ያሰባሰቡትን መረጃ ሲያሳትሙ፣ ጡንቻ አዝናኝ በተሰጣቸው ዘንድ ከሰመመን ጋር የተያያዘው ሞት ከ370 ሰዎች አንድ፣ ባልተሰጣቸው ዘንድ ግን ከ2,100 አንድ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ በዘመኑ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ሐኪሙ የዛሬው አሠራር ከዚያ ጋር እንደማይነጻጸር አምነው፣ ይሁንና ትንፋሽን የሚያቆም መድኃኒት ሰጥቶ መልቀቁን ሳይለኩ መገመት ከዚያ ዘመን የተወረሰ ልማድ ነው አሉ። ከዚህ በኋላ ዘለፋው ቆመ።

ምላሽ 16 እና 17

ውይይቱ ወደ አፈጻጸም ወረደ። አሥራ ስድስተኛው ጸሐፊ እጅ በመጋረጃ ሥር ስለሚደበቅባቸው ኤሌክትሮዱን ፊት ላይ ለጥፈው የቅንድብ አካባቢ ጡንቻዎችን እንደሚያዩ ጻፉ። አሥራ ሰባተኛዋ ይህ ለመጨረሻው ውሳኔ የሚያሳስት መሆኑን አስረዱ፤ ቅንድብን የሚያኮማትረው ጡንቻ ከአውራ ጣቱ ቀድሞ የሚያገግም ስለሆነ፣ ፊት ላይ መልካም ሆኖ የታየው ምላሽ ጉሮሮው ገና ሳያገግም ያዘናጋል፤ በዚያ ላይ ምቱ ነርቩን ትቶ ጡንቻውን በቀጥታ ሊያነቃቃ ይችላል። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ያወጣው መመሪያም የዓይን አካባቢ ጡንቻዎችን መከታተልን እንደማይመክርና በአውራ ጣት ላይ በቁጥር የሚለካ ክትትልን እንደሚያስቀድም ጠቀሱ።

እኚሁ መላሽ በተግባር የሚዘነጉ ነገሮችንም አነሡ። መሣሪያው መያያዝ ያለበት ታካሚው ካንቀላፋ በኋላ፣ ጡንቻ አዝናኙ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ የነርቩን ክሮች ሁሉ የሚያነቃቃው የኤሌክትሪክ መጠን በዚያን ጊዜ ይለያል፣ መነሻ ቁጥሩም ይመዘገባል። እጅ ከቀዘቀዘ ምላሹ ስለሚያንስ ክንድን ማሞቅ ያስፈልጋል። የአውራ ጣትን ፍጥንጥነት የሚለካው መሣሪያ ደግሞ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ብዙ ጊዜ ከ1.0 የሚበልጥ ቁጥር ያሳያል፤ መነሻው 1.1 ከነበረ በመጨረሻ የሚታየው 0.9 በእርግጥ 0.82 ገደማ ነው፤ ስለዚህ መነሻ ቁጥር ያልያዘ ባለሙያ እስከ 1.0 ቢጠብቅ ይሻላል። የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ምላሽ በቀጥታ የሚመዘግበው መሣሪያ ግን የጣቱን ነጻ እንቅስቃሴ ስለማይፈልግ፣ እጅ ከሰውነት ጋር ተጠቅልሎ በሚታሰርበት ቀዶ ሕክምናም ይሠራል። ለአሥራ ስድስተኛው ጸሐፊ ችግር መፍትሔው በዚህ ነበር።

ምላሽ 18 እስከ 20

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ወደ ማርከሻዎች ዞረ። አንዱ ጸሐፊ ሱጋማዴክስ የተባለው ማርከሻ ከመጣ ወዲህ መለካት ትርጉሙን አጥቷል አሉ። መላሹ ይህን ሐሳብ በሦስት በኩል ተቃወሙት። መድኃኒቱ አቅፎ የሚይዘው ሮኩሮኒየምንና ቬኩሮኒየምን ብቻ እንጂ አትራኩሪየምንም ሲሳትራኩሪየምንም አይደለም። መጠኑም የሚወሰነው በጥልቀቱ ነው፤ ሁለተኛው ምላሽ ሲመለስ ለአንድ ኪሎግራም ክብደት 2 ሚሊግራም የሚበቃው፣ ጥልቅ ሲሆን 4 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፤ ጥልቀቱን ሳይለኩ መጠኑን ማወቅ አይቻልም። ከተሰጠም በኋላ ወሰኑ ላይ መደረሱ መረጋገጥ አለበት። በመካከሉ አንዲት ጸሐፊ በሆርሞን የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ሴቶች ሱጋማዴክስ ከወሰዱ በኋላ ለሰባት ቀን ተጨማሪ መከላከያ እንደሚያስፈልጋቸው እንዲነገራቸው አሳሰቡ። ከርእሱ ትንሽ ወጣ ቢልም ሊነገር የሚገባው ነው፤ ታካሚዋ ከሆስፒታል ስትወጣ ማንም ላይነግራት ይችላልና።

ስለ ሌላው ማርከሻ፣ ስለ ኒዮስቲግሚን የተጻፈው አጭር ነው። የአሴቲልኮሊንን መፍረስ በመከልከል ስለሚሠራ ኃይሉ ጣሪያ አለው፤ መዝናናቱ ጥልቅ ሳለ ቢሰጥ አይመልስም። አራቱም ምላሾች ተመልሰው መዳከሙ በእጅ የማይለይበት ደረጃ ላይ ሲሰጥ ግን፣ ከአትሮፒን ወይም ከግላይኮፒሮሌት ጋር ሆኖ፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ከታገሡት በአግባቡ ያገለግላል። ቀድሞ ሰጥቶ ወዲያው ቱቦ ማውጣት ግን የብዙ ክፍሎች ልማድ ነው፤ ይህ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 21

የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ባልደረባ ተመልሰው ሰክሲኒልኮሊን ስለሚባለው ጡንቻ አዝናኝ ጠየቁ። እርሱ በደም ውስጥ ባለ ኤንዛይም በደቂቃዎች ስለሚፈርስ ክትትል አያሻውም ወይ ነበር ጥያቄያቸው። በዚያው ምላሽ ሥር የተሰጠው መልስ፣ ያ ኤንዛይም በዘር ምክንያት የጎደላቸው ሰዎች ለሰዓታት ሳይተነፍሱ ሊቆዩ እንደሚችሉ፣ ስለዚህም ሌላ ጡንቻ አዝናኝ ከመጨመሩ በፊት የመጀመሪያው መልቀቁን በመሣሪያው ማየት እንደሚበጅ ነበር።

ምላሽ 22 እና 23

በመጨረሻ የክሩ ከፋች ተመለሱ። ለሁሉም አመስግነው፣ መሣሪያውን ለመጠቀም መወሰናቸውንና አንድ ጥያቄ እንደ ቀረባቸው ገለጹ፦ ቀዶ ሕክምናው አልቆ፣ ቀዶ ሐኪሙ ቆሞ እየጠበቀ፣ ቁጥሩ 0.8 ላይ ቢቆም ምን ይደረጋል? ሁለተኛዋ መላሽ በሃያ ሦስተኛው ምላሽ መልሰውላቸዋል። ማደንዘዣው ይቀጥላል፣ ታካሚው ተኝቶ ቬንቲሌተሩ ይተነፍስለታል፣ የተመረጠው ማርከሻ ይሰጣል፣ ሥራውን እስኪሠራ ይጠበቃል፤ የሰመመን ጋዙ የሚዘጋው ቁጥሩ 0.9 ሲያልፍ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ታካሚው አካሉ ሳይመለስለት ይነቃል። በብሪታንያና በአየርላንድ ተደርጎ በ2014 በወጣው ትልቅ ምርመራ፣ በሰመመን ውስጥ ሳሉ ነቅተው እንደ ነበር ሪፖርት ያደረጉ ታካሚዎች ጡንቻ አዝናኝ ከተሰጣቸው ዘንድ ከ8,000 አንድ፣ ካልተሰጣቸው ዘንድ ከ136,000 አንድ ገደማ ሆነው ተገምተዋል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ መድኃኒቱ ሳይለቃቸው የተቀሰቀሱ ነበሩ። ስለሚጠብቀው ሐኪም፣ የአምስተኛዋን መላሽ ታካሚ ታሪክ እንዲነግሩት መከሩ፤ ቁጥሩን ከሰዓቱና ከተለካበት ጡንቻ ጋር በሰመመን መዝገቡ ላይ እንዲያሰፍሩ፣ ማገገሚያ ክፍል ሲያስረክቡም ለነርሷ እንዲያነቡላት አከሉ።